የአያት ሲላስ ድንጋይና የአክስቴ አተር

ሰኞ፣ ማርች 4

ቁርሴን ሳልጨርስ አክስቴ ኦዜላ ደወለች። «ኔልዳ፣ መኪናሽ ይነሳል?» «ይነሳል፣ ምነው?» «በይ አስነሺውና ነይ።» ሰላምታዋ ይሄው ነው። ዘጠና አምስት ዓመቷ ነው፤ ለሰላምታ የማባክነው ጊዜ የለኝም ትላለች።

ስደርስ በረንዳዋ ላይ አሮጌ ብርድ ልብሷን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ ቁጭ ብላለች። ከመንገዱ ማዶ ቤተ ክርስቲያናችንና መቃብሩ ይታያሉ። በከዘራዋ ወደዚያ እያመለከተች፣ «አያቴ ሲላስ ያለ ስም ከተኛ መቶ ሃያ ዓመቱ» አለችኝ። እውነቷን ነው። መቃብሩ ላይ ያለው ከእርሻው የመጣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ አንድ ፊደል የለበትም። ለእሷ አያቷ ነው፣ ለእኔ ቅድመ አያቴ።

«ለዘንድሮው የአበባ እሑድ ስሙና የተዋጋበት ጦር የተጻፈበት ድንጋይ እንዲቆምለት እፈልጋለሁ። ሳልሞት።»

«ኧረ አትሞቺም።»

«ዶክተሩ ልብሽ ደክሟል ብሎኛል። አንቺ ከዶክተሩ ትበልጫለሽ? ደግሞ ስሚ። የምታስጽፊው መዝገብ ላይ ያገኘሽውን ነው። ሮይስ የሚያወራውን አይደለም።»

ሮይስ የአጎቴ ልጅ ነው። እሱ እንደሚለው ሰሜንና ደቡብ ሲዋጉ አያት ሲላስ አራት ዓመት ሙሉ ለደቡብ ተዋግቶ፣ ባርኔጣው በጥይት ተበስቶ፣ ከቨርጂኒያ እስከ አላባማ በእግሩ ገባ። ሁላችንም ይህንኑ እየሰማን ነው ያደግነው።

የቤተሰብ መቃብር አጽድተን አበባ የምናኖርበት የአበባው እሑድ ሜይ 12 ነው። ፍርድ ቤቱ ምድር ቤት ወርጄ ሁለት ቀን መዝገብ ባገላብጥ የሚያልቅ ነገር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳሁ ሴትዮ አንድ የሞተ ሰው መፈለግ ያቅተኛል?

ሐሙስ፣ ማርች 7

ወይ ጉድ! የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ በርዴት ነው። ሆሊስ በርዴት።

ለራሴም ቢሆን ጽፌ ላስቀምጠው። የአበባው እሑድ አረም ነቅለን፣ የመቃብሩን አፈር ከምረን፣ አበባ አኑረን፣ ከዛፉ ሥር ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አብረን በልተን ነው የምንለያየው። ሮይስ ሁልጊዜ አያት ሲላስ ራስጌ አንዲት ትንሽ የደቡብ ባንዲራ ከነእንጨቷ ይተክላል። ሰኞ ጠዋት የለችም። አርባ ዓመት ሙሉ! የበርዴቶች መቃብር ከእኛው ጎን ነው፤ ታዲያ ሌላ ማን ይወስዳታል? አባቴ አንድም በርዴት ሳይጨብጥ ነው የሞተው።

ጎሪጥ እያየሁት ገባሁ። ሰውዬው ቀና ብሎ፣ «እስክሪብቶዎን እዚህ ያስቀምጡልኝ። የሚፈቀደው እርሳስ ብቻ ነው» አለኝ። እኔን ይጠረጥራል! ሌባውስ ማን ሆነና።

እርሳስ አልነበረኝም። የራሱን ሰጠኝ። በደንብ የተቀረጸ ነው።

ማክሰኞ፣ ማርች 12

የ1860 የሕዝብ ቆጠራ። ሲላስ ማክራይት፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ገበሬ። ሚስት ፐርሚሊያ። አንድ በቅሎ፣ ሁለት በሬ፣ አሥራ አንድ አሳማ። አሳማ ሳይቀር ቆጥረውለታል! በደስታ ጮህኩ። አቶ በርዴት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከሳቸው በቀር ማንም የለም እኮ።

ቀጥሎ የባሪያዎች መዝገብ ነበር። ሳልገልጠው ላልፍ ነበር፤ ፈርቼ። ገለጥኩት። ሲላስ የለበትም። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ከታች የፐርሚሊያን አጎት አየሁት። ሰባት ሰዎች አሉት። ስም የላቸውም፤ ዕድሜና ፆታ ብቻ። አንዷ «ሴት፣ ዘጠኝ» ነው የምትለው። አውቶቡሴ ላይ የሚሳፈሩትን የዘጠኝ ዓመት ልጆች አንድ በአንድ በስማቸው ነበር የምጠራቸው። እፎይ በማለቴ አፈርኩ።

ደብተሬን ልዘጋ ስል አቶ በርዴት በቀስታ፣ «ይጻፉት እንጂ» አሉኝ። ጻፍኩት። ሰባቱንም።

ማክሰኞ፣ ማርች 19

አገኘሁት። ምነው ባላገኘሁት!

የደቡብ ጦር ስም ዝርዝር ነው። ሲላስ ማክራይት፣ በ1862 መገባደጃ በግዴታ ተመለመለ። ቀጣዩ መስመር፣ ጃንዋሪ 1863፦ «ያለ ፈቃድ የቀረ።» ከዚያ ወዲያ ስሙ የለም። አራት ዓመት ሙሉ ተዋጋ ሲሉን የነበረው ሰውዬ አራት ወር አልሞላም። ቨርጂኒያን በዓይኑ አላያትም።

«ሞቶ ይሆናል» አልኩ።

«የሞተ ሰው ልጅ አይወልድም» አሉኝ አቶ ሆሊስ። «አያትዎ በ1880 አይደል የተወለዱት?»

እውነት ነው። የአክስቴ የኦዜላ አባት፣ ማለትም አያቴ፣ የሲላስ የመጨረሻ ልጅ ነው። ሸሽቷል ማለት ነው። ጥሎ ጠፍቷል።

አቶ ሆሊስ ውሃ አመጡልኝ። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ሚስታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል ይባላል፤ ራሳቸው ይተኩሱታል ማለት ነው። ለነገሩ ምን አገባኝ።

ረቡዕ፣ ማርች 20

ሮይስ ደወለ። ስድስት ሰዎች የጥንቱን የደቡብ ግራጫ ልብስ ለብሰው ጠመንጃ ሊተኩሱለት ይመጣሉ። መለከት የሚነፋም አግኝቷል። «ልብሳቸውን ላውንደሪ አስገብተዋል!» ይለኛል ደስ ብሎት። «መዝገቡስ?»

«እየፈለግሁ ነው።»

ውሸታም። እኔን ነው።

ማክሰኞ፣ ማርች 26

ለአክስቴ የበቆሎ ዳቦና ጎመን ይዤላት ሄድኩ። አተሯ እንዴት አምሮበታል! በዚያ ዕድሜዋ ጓሮዋን በከዘራ እየተደገፈች ነው የምትኮተኩተው። አተሩ የሚጠመጠምባቸው እንጨቶች ቀጥ ያሉ፣ ቀጫጭን፣ ሁሉም እኩል ቁመት ናቸው። ሠላሳ አርባ ይሆናሉ። እኔ የዛፍ ቅርንጫፍ ነው የማቆመው፤ ሁልጊዜ ይወላገድብኛል።

«ከየት ነው የምታገኚያቸው?»

«በየዓመቱ ሰው ያመጣልኛል።»

ለእኔም ሰው ቢያመጣልኝ።

«የት ደረስሽ?» አለችኝ።

«ጦርነቱ ጋ ደርሻለሁ።»

«ስንተኛው ዓመት ላይ?»

«ስድሳ ሦስት፣ መጀመሪያው ላይ።»

«ገና ነሽ» አለችና አተሯን መልቀም ቀጠለች።

ምን ለማለት ነው ገና ነሽ? ዕድሜ ነው መቼም። መሸሹን ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ልቧ ደክሟል እኮ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 5

ተጣላን። ከአቶ ሆሊስ ጋር።

«የሚስቱን የጡረታ ማመልከቻ ቅጂ ከዋሽንግተን አስልኬልዎታለሁ» አሉኝ።

«ዋሽንግተን ምን አግብቷት? ለደቡብ የተዋጋ ሰው ጡረታ ከዋሽንግተን አይመጣም።»

«ልክ ነዎት፤ አይመጣም» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሲገባኝ ደሜ ፈላ። «ማክራይት ለሰሜን? ይሄ የበርዴቶች ወሬ ነው!» ብዬ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ጃንጥላዬ ውስጥ ቀርቷል። ከምመለስ ብበሰብስ ይሻለኛል ብዬ በሰበስኩ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 6

ጃንጥላዬን ይዘው መጡ። ከበለስ ማርማላታ ጋር። «ማርማላታውን ማን ሠራው?» «እኔ።» ይጣፍጣል። ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ ሻይ በበረዶ ግን ሰጠኋቸው። አንድ ሰዓት ቆዩ። ሁለት ሊሆን ይችላል።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 11

ወረቀቱ መጣ። ሠላሳ ስምንት ገጽ። ምድር ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን እየተቀባበልን ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብነው፤ ዛሬ ዝም በሉ የሚል የለም።

ፐርሚሊያ ባሏ ከሞተ በኋላ ለመርማሪው የሰጠችው ቃል እንዲህ ይላል፦ «ባሌ ለማንም መዋጋት አልፈለገም። በቆሎ መዝራት ነበር የፈለገው። የደቡብ ሰዎች ከእርፉ ላይ ወሰዱብኝ። በጥር ተመልሶ መጣ። ሁለት ጊዜ ሊይዙት መጡ፤ ሁለት ጊዜ ዋሻ ውስጥ ደበቅኩት። በሦስተኛው ጎተራችንን አቃጠሉት። ያኔ ተነስቶ ወደ ሰሜን ጦር ሄደ።»

የሰሜን ፈረሰኛ ሆነ። ጦርነቱ እስኪያልቅ። ሰማያዊ ለባሽ!

ቀጥሎ የምስክር ቃል አለ። «ከሲላስ ማክራይት ጋር አብረን ነው የሄድነው። አራት ሌሊት ተጓዝን። እግሬ ሲሰበር የቀረውን መንገድ በጀርባው አዘለኝ። ሚስቱ የምትለው ሁሉ እውነት ነው።» የምስክሩ ስም ኢሻም በርዴት።

አንብቤ ስጨርስ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ኢሻም የሆሊስ ቅድመ አያት ነው።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«የእኛው ሰማያዊ እንደለበሰ እናውቃለን። ጎተራችን ድሮውኑ ተቃጥሎ ስላለቀ የምንደብቀው አልነበረንም። የማክራይትን ነገር ግን ማክራይቶች ይናገሩት ብለው አባቶቻችን ዝም አሉ።»

«ታዲያ የመጀመሪያው ቀን ለምን አልነገርከኝም?»

«ታምኚኝ ነበር?»

አላምነውም ነበር። «ባንዲራውን የምትሰርቁትም ለዚህ ነዋ!»

«የትኛውን ባንዲራ?» አለ። እውነት ግራ የገባው ይመስላል። ወይ ደግሞ ጥሩ ተዋናይ ነው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 16

ለሮይስ ነገርኩት። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበው። «ስድስት ሰው ግራጫ አስለብሼ...» አለና ሳይጨርሰው ተወው። ከዚያ ተነስቶ በሩ ላይ ዞረና፣ «ለአክስቴ ነግረሽ ልቧ ቢቆም በአንቺ ነው። እኔ የለሁበትም» ብሎኝ ሄደ።

ጭካኔ አይደለም። ይወዳታል። እኔም የፈራሁት እሱኑ ነው።

ድንጋይ ቀራጩ ጽሑፉን እስከ ሰኞ ካልሰጠሽኝ ለአበባው እሑድ አይደርስም ብሎኛል።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 18

ወሰንኩ። «ሲላስ ማክራይት። 1838–1899። ገበሬ።» በቃ። ውሸት የለበትም። ገበሬ አይደል እንዴ?

ለሆሊስ አሳየሁት። አንብቦ እጥፍ አድርጎ መለሰልኝ። «ጥሩ ጽሑፍ ነው» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መዝገብ ላይ ያገኘሽውን ነው ብላኝ ነበር እኮ። አንቺ ኔልዳ፣ ፈሪ ነሽ። አያት ሲላስ ሰው አዝሎ መንገድ ሄዷል፤ አንቺ አንዲት ቃል መሸከም አቃተሽ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 21፣ ፋሲካ

ባርኔጣዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። በደስታ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣን ወረቀቱን ወሰድኩላት። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ገልብጣ ጀርባውንም አየችው።

«የቀረውስ?»

«የቱ የቀረው?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ልጆች አውቶቡስሽ ላይ ሲዋሹሽ በመስታወት አይተሽ ታውቂባቸው ነበር። እኔ ደግሞ አንቺን ያለ መስታወት አውቅብሻለሁ። ተናገሪ።»

ተናገርኩ። መሸሹን፣ ዋሻውን፣ ጎተራውን፣ ሰማያዊውን ልብስ፣ ኢሻም በርዴትን። እያወራሁ በአንድ ዓይኔ የመድኃኒቷን ብልቃጥ እፈልጋለሁ። ጨረስኩ። ዓይኗን ጨፍናለች። «አክስቴ? አክስቴ!»

ሳቀች። ሰው ሠራሽ ጥርሷ ሊወልቅ እስኪደርስ ሳቀች። ከዚያ እየሳቀች አለቀሰች። ጭኗ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ ሳበችና ከአበባ ጨርቆቹ መሃል ወፍራም ጥቁር ሰማያዊ ቁራጮች አሳየችኝ። አሥራ ሁለት ናቸው። ልጅ ሆኜ ታምሜ ስተኛ የምለብሰው ብርድ ልብስ ነው!

«ኮቱ ነው» አለችኝ። «አያቴ ፐርሚሊያ ቆርጣ ሰፋችው። ጠላት ቤቷን ሲፈትሽ ማን ብርድ ልብስ ያያል?»

«ታውቂ ነበር!»

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ነገረኝ። ከጦርነቱ በኋላም ጎተራ ማቃጠሉ አልቆመም ነበር፤ አባቴም የሰሜን ወታደር ልጅ ተብሎ ሥራ ተከልክሎ ያውቃል። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጄን አስደርጎ ለማንም አልናገርም አሰኘኝ። እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላልኩም።»

«እና እኔን...»

«አልናገርም ብዬ ነው የማልኩት። ሰው ልኬ መዝገብ አላስገላብጥም ብዬ አልማልኩም።»

ሰማንያ ስድስት ዓመት! ይህን ሁሉ ዘመን የያዘችውን ምስጢር እኔ ልቧ አይችለውም ብዬ ልደብቃት ነበር። አቅፌያት ብዙ ቆየሁ። አጥንቷ ቀሎብኛል። እንዳቀፍኳት፣ «ያ የበርዴት ልጅ ሚስት የለውም አሉ» አለችኝ። ለምን እንዳነሳችው አልገባኝም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ድንጋይ ቀራጩ ጋ በጠዋት ደረስኩ። «ገበሬ። የዩናይትድ ስቴትስ ፈረሰኛ ጦር ወታደር።» ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ፤ ሮይስን ያውቀዋል። «ሠላሳ ስምንት ገጽ እርግጠኛ ነኝ» አልኩት።

ሐሙስ፣ ሜይ 9

ድንጋዩ ቆመ። ሮይስ ስልክ አያነሳም። ይመጣ ይሆን? ጣፋጩ የሙዝ ፑዲንግ፣ አርባ ዕንቁላል፣ ዶሮ፤ ሁሉንም ሠራሁ። ፀጉሬን ተሠራሁ። ለበዓሉ ነው።

እሑድ፣ ሜይ 12

ሲመሽ ሳይሆን ገና ፀሐይ እያለ ልጻፈው፤ እንዳይረሳኝ።

ሁሉም መጡ። በርዴቶችም። ሕዝቡ ድንጋዩን እያነበበ ይንሾካሾካል። አንዲት ሴትዮ፣ «ተሳስተው ነው የቀረጹት፣ ምስኪን» ስትል ሰማኋት። አክስቴ ከነብርድ ልብሷ ራስጌው ዘንድ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ሮይስ ዘግይቶ መጣ። ስድስቱ ሰዎችም አብረውት አሉ፤ ተራ ልብስ ለብሰው፣ ጠመንጃ የሌላቸው፣ ረሃባቸው ግን ያስታውቃል። ሮይስ በአንድ እጁ ያችን ባንዲራ ይዟል። አርባ ዓመት የለመደ እጅ ነው፤ ምን ያድርግ? ድንጋዩ ፊት ቆመ። ሆሊስ ከእኔ ጎን ነበር፤ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

አክስቴ እጇን ዘረጋች። «ስጠኝ በቃ፣ ሮይስ። የሰኞውን መንገድ ታስቀርልኛለህ።»

«የምን የሰኞ መንገድ?»

«ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት መጥቼ ነው የምነቅለው። አምና ማጎንበስ አቅቶኝ በከዘራ ስቤ አወጣሁት። ጨርቁ አይጠቅመኝም፤ እንጨቱ ግን ለአተር ግሩም ነው።»

አተሩ! እነዚያ ቀጥ ያሉ፣ እኩል ቁመት ያላቸው እንጨቶች! በየዓመቱ ሰው ያመጣልኛል ያለችው! ያ ሰው ሮይስ ነበር! አርባ ዓመት ሙሉ ሌባዋ አጠገቤ ተቀምጣ እኔ ንጹሕ ሰው ስጠረጥር።

የሮይስ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቀሰ ብዬ ነበር፤ እየሳቀ ነው። ባንዲራውን ጉልበቷ ላይ አኖረላት። «አርባ ዓመት ሙሉ ጓሮሽን ሳለማ አንድ ሰሃን አተር አልላክሽልኝም» አላት።

ሆሊስ ከኪሱ ሁለት ትንንሽ የአሜሪካ ባንዲራዎች አወጣ፤ አንዱ ለኢሻም፣ አንዱ ለሲላስ። ሊተክል ሲያጎነብስ ሮይስ፣ «ቆይ ቆይ» አለው። «በዚህ መቃብር ላይ የሚተክለው እኔ ነኝ።» ተንበርክኮ ተከለው። መለከተኛው ነፋ። ስድስቱ ሰዎች ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ከዚያ ዶሮውን ጨረሱት።

አባቴ ያልጨበጠውን እጅ ጨበጥኩ። «ስለ ባንዲራው ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። ሆሊስ፣ «አንድ ሰሃን ፑዲንግ ከጨመርሽልኝ» አለኝ። ጨመርኩለት። እጄን ቶሎ አልለቀቀውም፤ ሰሃኑ ከብዶት መሰለኝ።

ሰኞ፣ ሜይ 13

በጠዋት መቃብሩ ጋ ሄድኩ። ሆሊስ ነው ያደረሰኝ፤ መኪናዬ ይነሳል፣ ግን የእሱ ይሻላል።

አዲሷ ባንዲራ እንደቆመች ናት። ጤዛ ይዛለች።

መንገዱን ተሻግሬ አክስቴ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ጓሮዋን እያየች ሻይዋን ትጠጣለች።

«አለች?» አለችኝ።

«አለች።»

የብርድ ልብሷን ሰማያዊ ቁራጭ በአውራ ጣቷ ስታሻሸው አየኋት።

«እንግዲያው ለከርሞ አተሬ ሌላ እንጨት ፈልጊልኝ።»